ስም ለሚመዘግብ ዌብሳይት የሚሆኑ ማስታወሻዎች፣ ከቡሬ

መቱ፣ ጎሬና ቡሬ ሆናችሁ ለማኅበርም ለሱቅም ዌብሳይት የምትሠሩ ልጆች፣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ሴቭ አድርጉት።

ከሁሉም የሚብሰው የስም ፍለጋ ነው። ቡና የሚያስረክቡ ገበሬዎችን መዝገብ ሠራችሁ እንበል። አንዱ ኃይሉ ይባላል። ይህ ስም ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ ተብሎ ሊገባ ይችላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ዳታቤዙ ግን ስድስት ስም አድርጎ ያየዋል። መዝጋቢዋ ፈልጋ ስታጣው እንደ አዲስ ትመዘግበዋለች፤ ያስረከበው ቡናም ሁለት ቦታ ይበተናል።

ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጡ፣ አታርሙት። የሰው ስም የራሱ ነው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ኮለም ጨምሩና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በሪፕሌስ ለውጣችሁ አስገቡ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉንም ለውጡ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለሱም እንዳይረሳ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ስም ሲጽፍም በዚያው ፈንክሽን ይለፍ፤ አለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ቁቤ አለ። ጫላ በቁቤ በሲ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ የጻፈው ግን በሲኤች ይጀምረዋል። በቁቤ ሲኤች "ቸ" ስለሆነ ፊደል በመቀየር ብቻ አይፈታም። ስለዚህ በስልክ ቁጥርም መፈለግ ይቻል። በ09ም በ07ም ቢጀምር፣ ዜሮውን አንስታችሁ በ+251 አስቀምጡት።

ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ምረጡ። የድሮው ዩቲኤፍ8 ፊደላችንን በ3 ባይት ስለሚይዝ ደህና ይመስላል፤ 4 ባይት የሚፈልግ ኢሞጂ ሲመጣ ግን አይቀበልም። ኤስኤምኤስ የምትልኩ ደግሞ፣ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ እንደሚይዝ አስባችሁ ዋጋ ተምኑ።

ለፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በዎፍ2 ተጠቀሙ፤ ፎንት ዲስፕሌይን ስዋፕ በሉት። ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት ይታያል፣ ሰውም ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ አይጠብቅም።

ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፉና በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ከፍታችሁ ሞክሩት።