የጣና ሞገድና የመምህሩ መቋሚያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው ደንገል የሚባለውን ረዥም ተክል ያያል። የባሕሩ ሰዎች ደንገሉን ቆርጠው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠሩበታል። ነፋስ ሲመጣ ደንገሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ነፋሱ ሲያልፍም ቀስ ብሎ ይመለሳል። አይቸኩልም፤ አይሰበርምም። አንድ ሊቅ ይህን ተመልክተው ትምህርት አወጡበት ይባላል።

እኒህ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የተወለዱት ከዚሁ ባሕር በምሥራቅ በኩል ባለው በፎገራ አገር ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ (ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም.) እና በዐፄ ምኒልክ (ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.) ዘመን ስማቸው የታወቀ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው፤ ሕፃናት እንኳ የአለቃን ቀልድ ሰምተው ይስቃሉ። ነገር ግን ሳቁ ታላቁን ሥራቸውን ሸፍኖታል ቢባል ሐሰት አይሆንም። አለቃ የአቋቋም መምህር ነበሩ።

አቋቋም ምንድር ነው? በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ደብተሮች በበዓል ቀን ሲያመሰግኑ በአንደበታቸው ብቻ አይዘምሩም፤ ሰውነታቸውም አብሮ ይዘምራል። መጀመሪያ ያለ ከበሮ ያዜማሉ፤ ይህም ቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ መቋሚያቸውን እያነሡና እያወረዱ ሰውነታቸውን ከዜማው ጋር ያዘነብላሉ፤ ይህ ዝማሜ ነው። ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ይገባል፤ በመጨረሻም ፍጥነቱ ይጨምርና እጅ ይጨበጨባል።

ነገሩ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ጀማሪው ተማሪ ግን በዝማሜ ይፈተናል። ፈጥኖ መንቀሳቀስ ለወጣት አያስቸግርም፤ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ነው የሚያስቸግረው። መቋሚያው ከዜማው ቀድሞ ይወርድበታል፤ እግሩ ይዝላል፤ ዓይኑም ወደ ጓደኞቹ ይሸሻል። መምህሩ ያስቆሙትና ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። በማግሥቱም እንደዚያው ነው። ትምህርቱ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በእነዚህም ዓመታት ተማሪው፣ እንደ ቀድሞው ልማድ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ይጮኽበታል፤ ማታ ወደ ጎጆው ተመልሶ የቀኑን ትምህርት ይደግማል።

ተማሪው መምህሩን «የኔታ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ትርጓሜውም «የኔ ጌታ» ማለት ነው። ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ እንጨትም ይለቅምላቸዋል። ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ ዋጋቸውን ከፈለ» ይል ይሆናል። ነገር ግን አንድ እንስራ ውኃ ከብዙ ዓመት ድካም ጋር አይመዛዘንም። የኔታ አንዱን ስሕተት መቶ ጊዜ ሲያርሙ እርሳቸውም ይታገሣሉና፤ ተማሪው ትዕግሥትን ከምክራቸው ይልቅ ከዚህ ይማራል።

በሩቅ አገር በቻይናም ይህን የሚመስል ትምህርት አለ፤ ስሙም ታይ ቺ ይባላል። ታይ ቺ ከውጊያ ጥበብ የመጣ ሲሆን፣ ሰውነትን በዝግታ በማንቀሳቀስ ልቡናን ያሳርፋል። ተማሪው መምህሩን «ሺፉ» ብሎ ይጠራል፤ በዚህም ቃል ውስጥ «አባት» የሚል ትርጓሜ አለበት። የአቋቋም ግብ ምስጋና ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን ሁለቱም መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አይገኙም። ዜማው በብራና ላይ የሚጻፍ ምልክት አለው፤ የመቋሚያው አወራረድና የወገቡ አዘነባበል ግን ከመምህሩ አካል ወደ ተማሪው አካል ይተላለፋል። ተማሪው ታክቶት ከመንገድ ቢቀር፣ መምህሩ ያወቁት ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

የአለቃ ገብረ ሐናም ትምህርት እንዲህ ሊጠፋ ይችል ነበር። አለቃ በጣና ደሴት በሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም ተቀምጠው ሳሉ፣ የባሕሩን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ተብሎ ይነገራል። የቀድሞው ስልት ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ሲሆን፣ የእርሳቸው ግን እንደ ሞገዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ነበር። የጎንደር ሊቃውንት ይህን አዲስ ነገር አልተቀበሉትም። ጎንደር የአቋቋም መዲና ናትና፣ እዚያ ያልተወደደ ስልት ሌላ ቦታ ይወደዳል ብሎ ተስፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር።

አለቃ ግን ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተምረው ነበር። ተክሌም የአባታቸውን ትምህርት አልጣሉትም፤ ወደ ደብረ ታቦር ወስደው ለካህናቱ አስተማሩት። የደብረ ታቦር ካህናት ተቀበሉት፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አድባራት ተዛመተ። ልጅ ለአባቱ፣ ተማሪም ለመምህሩ ከዚህ የበለጠ ምን ምስጋና ያቀርባል?

ስልቱም «የተክሌ አቋቋም» ተባለ እንጂ በአለቃ ገብረ ሐና ስም አልተጠራም። ያወጡት አባት ሲሆኑ፣ ስሙ የቀረው ተምሮ ላስተማረው ልጅ ነው። እስከ ዛሬም ተማሪዎች በደብረ ታቦር በመምህሩ ፊት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ መቋሚያቸውንም ይዘው እንደ ጣና ሞገድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ያዘነብላሉ፤ የቸኮለውንም መምህሩ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።