የድሮ የዶዘር ማስታወቂያ እንዴት ይሠራል?

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሰንበቴ በኩል ከሚሴ የሚገባው አውራ ጎዳና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይዘልቃል። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሠሩት የአዲስ አበባ–ደሴ–አስመራ መስመር አካል ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ሰው ዶዘርና ግሬደር ይናፍቀዋል፤ ፎቷቸው በካላንደርና በካታሎግ ላይ የወጣበት ዘመንም እንዲሁ። ናፍቆቱ የልጅነት ብቻ አይደለም። ማስታወቂያዎቹ በእውነት በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ ነበሩ።

ለማን ነበር የሚናገሩት?

ሳሙና ሁሉም ይገዛል። ዶዘር የሚገዛው ግን ሥራ ተቋራጭ፣ የመንግሥት መሐንዲስ ወይም የእነሱን ወጪ የሚሸፍን አበዳሪ ነው። በእኛ አገር ዋናው ገዢ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ነበር። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለመንገዶቿ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች፤ ከአፍሪካ አገሮች ከባንኩ በመበደር የመጀመሪያዋ ነበረች። እንዲህ ያለ ገዢ በዘፈን አይሸነገልም፤ ሒሳብ ይጠይቃል።

ገጹ ምን ይመስል ነበር?

ፎቶው ብዙ ጊዜ ከመሬት ተጠግቶ ይነሣል፤ ስለዚህ ባለ ሰንሰለቱ ማሽን ተራራ ያክላል፣ አፈር የሚገፋው ብረትም ወደ አንባቢው ይመጣል። ከሥሩ ጠበብ ባለ ሳጥን ውስጥ ሥራው የት እንደተሠራ፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በሰዓት ስንት ሜትር ኪዩብ እንደተገፋና ስንት ነዳጅ እንደፈጀ ይዘረዘራል። የሞዴሉ ስምም መረጃ ነው፦ በካተርፒላር ዲ8 ላይ ‹ዲ› ዲዝል ማለት ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ማሽኑ ይገዝፋል።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ለምን ይጠቅማል? በቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን የጨፋን ሜዳ እንይ። እዚያ ያለው ዋልካ አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እንዲሁ አስፋልት ቢነጠፍበት መንገዱ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይሰምጣል። ስለዚህ ዋልካው ተቆርጦ ይወጣል፣ ቦታው በገረጋንቲ ይሞላል፣ ከዚያ ሩሎ ይጠቀጥቀዋል። አሁን እናስላ፦ 10 ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁፋሮ በአንድ ኪሎ ሜትር 6,000 ሜትር ኪዩብ አፈር ይወጣዋል። በሰዓት 100 ሜትር ኪዩብ የሚገፋ ማሽን 60 ሰዓት ይፈጅበታል፤ 200 የሚገፋው በ30 ሰዓት ይጨርሰዋል። ክረምቱ ሳይገባ ሥራውን መጨረስ ላለበት መሐንዲስ ያቺ ትንሽ ሳጥን ከፎቶው ሁሉ ትበልጣለች።

ምስክርና ቀለም

የማስታወቂያዎቹ የመጀመሪያ ኃይል ቁጥር ከሆነ፣ ሁለተኛው ምስክር ነው። በኅዳር 1906 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የፓናማ ቦይ ቁፋሮን ሊጎበኙ ሄደው በቡሳይረስ የእንፋሎት ቆፋሪ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ፎቶው በዓለም ዞረ፤ ለአምራቹ ከዚያ የሚበልጥ ማስታወቂያ አልነበረም።

ሦስተኛው ቀለም ነው። ካተርፒላር እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ማሽኖቹን ግራጫ ይቀባ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ ወደ ቢጫ የዞረው መንገድ ላይ የሚሠራ ማሽን ከሩቅ እንዲታይ ነው። ሌላው አምራች አሊስ ቻልመርስ ብርቱካናማውን መረጠ። ቀለሙ የየድርጅቱ መለያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ኮረብታ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ዶዘር፣ ስሙ ባይነበብም፣ ራሱ ማስታወቂያ ነበር።

የጎደለው

እነዚህ ማስታወቂያዎች የሚወደዱት ሥራን ስላከበሩ ነው። የሚሉት ነገር መንገዱ ላይ ወጥቶ ሊረጋገጥ ይችል ነበር፤ የዛሬ ሻጮችም ከባዶ ውዳሴ ይልቅ ይህን ቢከተሉ ገዢው ይጠቀማል። ነገር ግን ብዙዎቹ የማሽኑን ሞዴልና የተቋራጩን ስም ሲጽፉ የኦፕሬተሩን ስም ይዘሉታል። በአቧራና በሐሩር ውስጥ ማሽኑን የነዳው፣ ግራሶ እየቀባ ያሳደረው፣ የሰኞውን የባቲ ገበያና የእሑዱን የሰንበቴ ገበያ ከሩቅ አገር ያገናኘው ሰው ስም የለውም።

ስለዚህ በከሚሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ የድሮ ካላንደር፣ ካታሎግ ወይም የማሽን መመሪያ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። በመንገድ ሥራ የኖሩ አባቶች ዘንድ ይዛችሁት ሂዱና፣ ማን እንደነዳው፣ የትኛውን መንገድ እንደሠራበት፣ በስንት ዓ.ም. እንደነበረ ጠይቃችሁ ከጀርባው ጻፉበት። ማስታወቂያው የተወውን ስም መሙላት የእኛ ድርሻ ነው፤ የሚነግሩን ሰዎችም በዕድሜ እየገፉ ነውና ዛሬውኑ ጠይቁ።