ዘይት የነካው መጽሐፍ ወዴት ይሂድ?

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪው ስለከበደ ግርጌው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋም አብራው ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. መስመሩ አዲስ አበባ ገብቶ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ከሞላ በኋላም ትልቁ የጥገና ወርክሾፕ የድሬዳዋው ነበር። የእንፋሎቱ ባቡር፣ በጣሊያን ጊዜ የመጣችው ሊቶሪና፣ ከ1940ዎቹ ወዲህ ተራ በተራ የገቡት የስዊስና የፈረንሳይ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሁሉ በዚህ ወርክሾፕ እጅ አልፈዋል።

ሎኮሞቲቭ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። የአነዳድ መመሪያ፣ የጥገና መመሪያ፣ እያንዳንዱን ብሎን በቁጥር የሚዘረዝር የመለዋወጫ ካታሎግ፣ ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሸፍን ንድፍ አብሮት ይመጣል። ቶርኖውም፣ መበሻውም፣ የብየዳ ማሽኑም እንዲሁ የየራሱ መጽሐፍ አለው። መቶ ዓመት የሠራ ወርክሾፕ፣ ማንም ሳያስበው፣ ቤተ መጻሕፍት ያቆማል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ግን የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው 1 ሜትር ነበር። አሮጌው መጽሐፍ አዲሱን ባቡር አይጠግንም ማለት ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

የዘመኑ መልስ «ስካን አድርጉት» ነው። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ስካነሩ ከጠፋ በኋላ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተከመረ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት እዚህ ላይ ሲደርስ ቁራሌው ይጠራል፤ መጽሐፉ በኪሎ ተመዝኖ ይሄድና ቅጠሉ ኦቾሎኒ ይጠቀለልበታል። ከስካን በኋላ ለወረቀቱ ቤት መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአገራችን ስም ወጥቶለት የሚሰጥ ሥልጠና አላየሁም፤ ሥራው ግን አለ፣ ሕግና ብልሃትም አለው።

መጀመሪያ ስካኑ ራሱ። ተራ ጽሑፍ በኢንች 300 ነጥብ ቢነሳ ይበቃዋል፤ ንድፍ ግን፣ በተለይ ቀጭን መስመርና ጥቃቅን ቁጥር ያለበት፣ ከ400 እስከ 600 ይፈልጋል። በስልክ አንስቶ ካምስካነር ውስጥ መክተት ለደረሰኝ እንጂ ለሎኮሞቲቭ ንድፍ አይሆንም፤ መተግበሪያው ገጹን «ለማጽዳት» ሲል እርሳሱንም ፈዛዛውን መስመርም ያጠፋዋል። የተጣጠፈው ንድፍ ከሁሉም አስቸጋሪ ነው። ወረቀቱ ለአስርት ዓመታት በአንድ መስመር ላይ ስለታጠፈ፣ ድንገት ቢዘረጋ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ዘርግቶ፣ ጫፍ ጫፉን በንጹሕ መስታወት ጭኖ፣ ከላይ በካሜራ ማንሳት ነው የሚሻለው። ሰማያዊ ንድፍ ከሆነ ደግሞ ብርሃን ጠላቱ ነው፤ ተነስቶ ወዲያው ወደ ጨለማው ይመለስ።

የመጽሐፉን ጀርባ በመቁረጫ ቆርጦ ቅጠሉን እንደ ኤ4 ወረቀት ማሽን ውስጥ መልቀቅ ፈጣኑ ዘዴ ነው። በሰዓት የሚያልፈው ገጽ ብዙ ነው፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አይደለም። ብዙ ቅጂ ላለው ነገር ይፈቀድ ይሆናል። አንድ ብቻ ላለው ግን በ90 ወይም በ100 ዲግሪ ከፈት ብሎ በተሠራ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ ቅጠሉ በእጅ እየተገለጠ ይነሳ። ይህን ውሳኔ የሚወስነው ሰው መጽሐፉ ነገ የት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ለዚህ ነው ቤት ፍለጋው ከስካኑ በፊት መጀመር ያለበት የምለው።

የመለየቱ ሥራ ከዚያ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ መመሪያ በሦስት ቅጂ ተገኘ እንበል። ሁለቱ ንጹሕ ናቸው፣ ሦስተኛው ጥቁር ቅባት የጠጣ፣ ጥጉ የተበላ፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ። ደንበኛው አሠራር ንጹሑን ወደ ቤተ መዛግብት፣ ቆሻሻውን ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ቆሻሻ መላክ ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። ንጹሑ የፋብሪካው መጽሐፍ ነው፤ ተመሳሳዩ ፈረንሳይ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ዘይት የነካው ግን የድሬዳዋ መጽሐፍ ነው። ፋብሪካው «በዚህን ያህል ሰዓት ቅባት ቀይሩ» ብሎ ያተመበት ጎን አንድ መካኒክ ቁጥሩን ሰርዞ ያነሰ ጽፎበት ከሆነ፣ ያ እርሳስ ስለ ጂቡቲ በረሃ ሙቀትና አቧራ ፋብሪካው የማያውቀውን ይናገራል። እንዲህ ያለው ቅጂ ወደ ቤተ መዛግብት ይሂድ። ከመሄዱ በፊት ደግሞ አንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ እርሳስ ምን ለማለት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅና መልሱ በድምፅ ቢቀዳ፣ ከስካኑ ይልቅ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ንጹሑ ወደሚሠራበት ይሂድ። በዚህ ረገድ የማሽን መጽሐፍና የሙያ መጽሐፍ ይለያያሉ። የአንድ ሎኮሞቲቭ መመሪያ ከሎኮሞቲቩ ጋር ይጦራል። ስለ ብረት ቆረጣ፣ ስለ ኩሽኔታ፣ ስለ ብሎን ጥርስ የተጻፈ መጽሐፍ ግን አይጦርም። የብሎን ጥርስ ሠንጠረዥን ብቻ ብንወስድ፣ የእንግሊዙ ዊትዎርዝ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፣ የሜትሪኩ 60። ውፍረታቸው የተቀራረበ ሁለት ብሎኖች አንዱ በሌላው ፍሬ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ገብተው ይጠብቃሉ፤ ልምድ የሌለው ልጅ በቁልፍ አስገድዶ ሲያዞረው ጥርሱ ይላጣል። አሮጌ ፓምፕ ወይም አሮጌ ወፍጮ ላይ ይህ የየዕለት ችግር ነው። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ወይም በቶርኖ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የተሰቀለ እንደሆነ፣ ከታተመ ስድሳ ዓመት ቢያልፈውም ማንም አይቀየመውም።

አሁን ከከተማው እንውጣ። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለ ገጠር ነው። የዚህ አካባቢ ገበሬ ማሽላና ጫት ያመርታል፤ ትልቁ ጭንቀቱ ውኃ ነው። ከተማዋ ራሷ እንኳ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚሳብ ውኃ ነው። «አሮጌ መጽሐፍ ለገጠር እንለግስ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ዓይን የሚያርፈው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሳጥን ይሞላል፣ መኪና ይጫናል፣ ፎቶ ይነሳል። በቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር የቢዮ አዋሌ ተማሪ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሎኮሞቲቭ መመሪያ ምን ያደርግለታል? ይህ ልገሳ ሳይሆን የከተማውን ቆሻሻ ወደ ገጠር ማራገፍ ነው። መጽሐፉ ቤት አላገኘም፤ የሚጣልበት ቦታ ብቻ ተለወጠ።

ስካኑ ዋጋውን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ለገጠር የሚሄደው መጽሐፉ መሆን የለበትም፤ ከመጽሐፉ የሚያስፈልገው ቅጠል ነው። የአንድ የውኃ ፓምፕ መመሪያ 120 ገጽ ቢሆን ለፓምፑ ጠባቂ የሚሆነው ጥቂት ገጽ ነው፦ የክፍሎቹ ሥዕል፣ ቅባት የሚገባባቸው ቦታዎችና ጊዜያቸው፣ እንዲሁም ችግሩን ከነምክንያቱና ከነመፍትሔው በረድፍ የሚያሳየው ሠንጠረዥ። ሥዕሉ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ሠንጠረዡ በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። በፕላስቲክ ተለብጦ ፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል። «ውኃ ሳይሞላ አታስነሳ» የሚለው አንድ መስመር ብቻ፣ ፓምፑ በደረቁ ዞሮ የማኅተሙ ክፍል እንዳይቃጠል ያደርጋል። እንዲህ ያሉ ገጾችን ለማዘጋጀት የፓምፑን ዓይነትና ሞዴል በቦታው ሄዶ ማየት ግድ ነው። ለማንኛውም ፓምፕ የሚሆን ገጽ የለም።

የውጭውን ዓለም ልምድ ብናይ ሁለት ታሪኮች ይጠቅማሉ። በእ.ኤ.አ. 2015 አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የቆዩ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መመሪያዎችን ይሸጥ የነበረ ማኑዋልስ ፕላስ የተባለ መደብር ሊዘጋ ሲል፣ የኢንተርኔት አርካይቩ ጄሰን ስኮት በጎ ፈቃደኞች ጠርቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መመሪያዎችን በጥቂት ቀናት ውስጥ በሳጥን አሳሽጓል። ሳጥኖቹ ስካነር እስኪደርሳቸው ዓመታት ጠብቀዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ገንዘብና ማሽን ባይኖርም መጀመሪያ ደረቅ ክፍል ይገኝ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ጥራዞቻቸውን በማይክሮፊልም ካነሱ በኋላ ወረቀቱን ሸጡት፣ አስወገዱት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የሥዕሎቹ ቀለም ጠፋ፣ ያልተነሳ ገጽም ነበር። ኒኮልሰን ቤከር የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በእ.ኤ.አ. 1999 ብሪቲሽ ላይብረሪ ሊያስወግዳቸው ያወጣቸውን የአሜሪካ ጋዜጦች የራሱን ቁጠባ ጨምሮ ገዝቶ መጋዘን አስገባቸው፤ በእ.ኤ.አ. 2004 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተረከባቸው። ጉዳዩን የጻፈበት «ደብል ፎልድ» የተባለው መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ሰዎችን ዛሬም ያከራክራል።

እኛ ግን ከማንም ባልተናነሰ የራሳችን ልምድ አለን። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ከቤተ ክህነትና ከሚኔሶታው የሂል ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትን አንስቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዘመናቸውን ሙሉ ካታሎጉን ሲሠሩ የኖሩት ከእነዚህ ፊልሞች ነው። ብራናዎቹ ግን ፎቶ ከተነሱ በኋላ ወደየአጥቢያቸው፣ ወደየገዳማቸው ተመልሰዋል። ማንም «ፊልሙ ስላለ ብራናውን እንጣለው» አላለም። ከድሬዳዋ ብዙ በማይርቀው ሐረር ደግሞ አብዱላሂ ሸሪፍ በቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ከ2000 ዓ.ም. ዋዜማ ጀምሮ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ሙዚየም ሆኖ፣ አሮጌ መጻሕፍት እየተጠገኑና እየተጠረዙ ይቀመጡበታል። ብራና ክብር አለው፤ ማንም አይከራከርም። የሚያሳዝነኝ የቅባት መመሪያው በተመሳሳይ ዓይን የሚያየው ማጣቱ ነው። እሱም የአንድ ዘመን ዕውቀት ነው፣ ያውም በእጅ የተሠራ።

ሕጉንም መርሳት የለብንም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መዝገብ ማንም ኃላፊ መጋዘን ጠበበው ብሎ የሚያስወግደው አይደለም፤ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ወመዘክር፣ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የቅጂ መብት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለጥበቃ ሲሉ ቅጂ የሚያነሱበት መንገድ ግን በአዋጁ ተከፍቷል። ለጥበቃ ማንሳትና በቴሌግራም ቻናል መበተን አንድ አይደሉም። እኛ አገር ፒዲኤፍ የሚዘዋወረው በዋናነት በቴሌግራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ መልካም ጎኑ ብዙ ነው፣ ግን ማኅደር አይደለም። ስሙ «ስካን_003» የሆነ ፋይል ነገ ማንም አያገኘውም። የመጽሐፉ ርዕስ፣ ፋብሪካው፣ የማሽኑ ሞዴል፣ የታተመበት ዓመት በፋይሉ ስም ውስጥ ይግቡ። ቅጂውም ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። ለምን ከከተማው ውጭ? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ያደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ቤት የማያገኝ መጽሐፍም አለ፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ብዙ ቅጂ ያለው፣ ማሽኑ ከምድር የጠፋ፣ እርሳስ ያልነካው፣ ምስጥ የበላው መጽሐፍ በጥሩ ጥራት ከተነሳና ካታሎግ ውስጥ ስሙ ከገባ በኋላ ቁራሌው ቢወስደው አላለቅስም። ሁሉን እናስቀምጥ ማለት አንዱንም አለማስቀመጥ ነው፤ ክፍሉ ይሞላና ምስጡ ከማይረባው ጀምሮ ወደሚረባው ይሻገራል።

ሥራው የሚያልቀው አንድ ቅጽ ሲሞላ ነው። በየስካኑ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወረቀቱ ለማን እንደተሰጠ፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ መቼ እንደተረከቡት ይጻፍ፤ በየመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ላይም የፋይሉ ስም ይለጠፍ። ትርፍ ወረቀት ይመስላል። ግን በስካኑ ላይ 0.3 ይሁን 0.8 ሚሊ ሜትር ያልለየ የክፍተት ልክ ሲያጋጥም፣ መካኒኩ መላ ምት ውስጥ ሳይገባ ስልክ ደውሎ «መጽሐፉ እናንተ ጋ ነው ይላል፤ እባካችሁ ገጽ 47ን ግለጡልኝ» ማለት የሚችለው ያ ቅጽ ካለ ብቻ ነው።