ከቆላችን ወጥቶ በባዕድ ገበያ የደለበው ተክል

ጠባቂ የማይፈልግ፣ ቀለብ የማይጠይቅ፣ ባለቤቱ ለአንድ ወር ለዕቃ ግዢ ዱባይ ሄዶ ሲመለስ እንደተወው የሚጠብቀው ንብረት ይኖር ይሆን? ጥያቄው ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ነው። መልሱ ደግሞ በአንዲት ጎድጎድ ያለች ሸክላ ውስጥ ገብቶ መስኮት ሥር ሊቀመጥ ይችላል።

ነገሩ ተክል ነው። ከታች ግንዱ እንደ ትልቅ ድንች አብጧል፤ ከላይ ጥቂት ወፋፍራም ቅርንጫፎች አሉት፤ ቅጠሉ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሲያብብ ጠርዙ ደማቅ ሮዝ፣ መሐሉ ነጣ ያለ፣ ጥሩምባ የመሰለ አበባ ያወጣል። ሳያብብ ያየው ሰው «ይሄ ነገር ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዓለም ገበያ «ዴዘርት ሮዝ» በሚል ስም ይሸጣል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የበረሃ ጽጌረዳ» እንበለው። ከጽጌረዳ ጋር ግን ስም እንጂ ዘር አይጋሩም።

ይህ ገጽ ስለ ቡና፣ ስለ ሰሊጥና ስለ ውጭ ምንዛሪ መጻፍ ሲገባው ስለ መስኮት አበባ ምን አስጨነቀው የሚል አንባቢ ይኖራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ ተክል የአገራችን ቆላ ተወላጅ ነው። ገበያውን የያዙት ግን ታይላንድና ታይዋን ናቸው።

የስሙና የዘሩ ነገር

ተክሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ፒተር ፎርስኮል የተባለ የስዊድን ዜጋ ነው። ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ የመንን ሲያስስ እ.ኤ.አ. በ1763 እዚያው በወባ ሞተ። ሥራው የታተመው ከ12 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1775 ሲሆን፣ ያሳተመለትም ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ነው። ዛሬ የሚታወቅበት ሳይንሳዊ ስም «አዴኒየም ኦቤሱም» ይባላል። የመጀመሪያው ከኤደን ወደብ የተወሰደ ነው፤ ሁለተኛው በላቲን «ወፍራም» ማለት ነው። የኤደኑ ወፍራም እንደማለት ነው።

የተፈጥሮ ግዛቱ ግን ከየመን በጣም ይሰፋል። በደቡብ ዓረቢያ በኩል ኦማንን፣ በአፍሪካ በኩል ከሴኔጋል ጀምሮ ሳህልን አቋርጦ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያን፣ ኬንያንና ታንዛኒያን ያካልላል። በእኛ አገር በሐረርጌ ቆላ፣ በሶማሌ ክልልና በቦረና በኩል በግራርና በቁጥቋጦ መካከል፣ ድንጋያማ መሬት ላይ ይበቅላል። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን ጥሎ ባበጠው ግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ውኃ ይከርማል። ክፉ ቀንን በቁጠባ የሚያሳልፍ ተክል ነው ማለት ይቻላል።

ቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?

እዚህ ላይ ከራሴ ኪሳራ ልጀምር። የመጀመሪያዋን የበረሃ ጽጌረዳ ያመጣልኝ ድሬዳዋ የሚኖር ወዳጄ ነበር። ስታብብ አምጥቶ በሚያዝያ ወር ሰጠኝ። እኔም እንደማንኛውም አበባ አየኋትና ከቢሮው አበቦች ጋር በየጧቱ ውኃ አጠጣት ጀመር። ግንቦትን ደህና ሆነች። ሰኔ ላይ ቅጠሏ ሲረግፍ «ተጠምታ ነው» ብዬ ውኃውን ጨመርኩ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግንዷን ስነካው ጣቴ እንደበሰለ ቲማቲም ሰመጠበት፤ ሽታውም ለብቻው ነበር። የገደላት ጥማት ሳይሆን የእኔ ደግነት ነው።

የዚህ ተክል አያያዝ ሙሉ ትምህርቱ ከዚህ ስህተት ውስጥ ይገኛል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ብርሃን። በቀን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። በአገራችን ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ስለምትሄድ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚያይ መስኮት ይስማማዋል። ሳሎን መሐል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ግንዱ እየቀጠነ፣ ቅርንጫፉ ወደ ብርሃን እየተሳበ ይሄዳል፤ አበባም አያሳይም።

ሁለተኛ፣ አፈር። የጓሮ ጥቁር አፈር መርዙ ነው። ከድብልቁ ግማሽ ያህሉ ውኃ የማይቋጥር ጠጠር መሆን አለበት። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ልዩ አፈር መግዛት አያስፈልግም። ለመንገድና ለግንባታ የሚደፋው፣ በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተነፍቶ ደቃቁ ሲወጣለት ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ቀሪውን ግማሽ በደንብ የበሰለ ብስባሽና ጥቂት አሸዋ ይሞላዋል። ሸክላው ሰፋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለውና ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ቀዳዳ የሌለው የሚያብረቀርቅ ማሰሮ ለዓይን ያምራል እንጂ ለዚህ ተክል መቃብር ነው።

ሦስተኛ፣ ውኃ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ሞቃት ወቅት አፈሩ እስከ ታች መድረቁ ተረጋግጦ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣትና ትርፉ እንዲወርድ መተው ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አዲስ አበባ ደመናማና ቀዝቃዛ ስለምትሆን በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ከጣለ ጭራሹን ባይጠጣም ይችላል። በረንዳ ላይ ያለ ከሆነ ከዝናብ መጠለል አለበት። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከድሬዳዋው እጥፍ ገደማ መሆኑን ያስታውሷል።

አራተኛ፣ ብርድ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ይጎዳል፤ ውርጭ ደግሞ ይገድለዋል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ማሳደር አይገባም። የድሬዳዋ፣ የአዋሽና የአዳማ ነዋሪዎች በዚህ በኩል ከአዲስ አበቤው ይልቅ ዕድለኞች ናቸው።

ጤንነቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ ግንዱን በጣት መጫን ነው። ጠንካራ ከሆነ ጠግቧል። አፈሩ ደርቆ ግንዱ ትንሽ ከለሰለሰና ከተሸበሸበ ተጠምቷል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ግንዱ ከለሰለሰ ግን በስብሷል ማለት ነው። ይህን ጊዜ ቶሎ ነቅሎ፣ የበሰበሰውን ክፍል ንጹሑ ሥጋ እስኪታይ ቆርጦ ጥሎ፣ ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሳምንት አድርቆ እንደገና መትከል አንዳንዴ ያተርፈዋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለበት። በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡት የነበረው ከዚሁ ተክል ነው። ስለዚህ የሚቆርጠው ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን ይታጠብ፤ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከሚደርሱበት ቦታም ይራቅ።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በበረሃ ጽጌረዳ ንግድ ሁለት ገበያዎች አሉ፤ አንዱ የግንድ፣ ሌላው የአበባ ነው።

የግንዱ ገበያ የሚሸጠው ዕድሜ ነው። ግንዱ በወፈረና ቅርጹ ባማረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ይህን ውፍረት በአቋራጭ ማግኘት አይቻልም። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ተክሉን ያበዛል፤ ነገር ግን ከቅርንጫፍ የተነሳ ተክል ከዘር እንደተነሳው ያማረ ግንድ አያወጣም። ባለሙያዎቹ በየሁለት ዓመቱ ሸክላ ሲለውጡ ተክሉን ትንሽ ከፍ እያደረጉ ሥሩን ከአፈር በላይ ያወጡታል። ከዓመታት በኋላ ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የጥንት ዋርካ ይመስላል።

የአበባው ገበያ የሚሸጠው ምርጫ ነው። የታይላንድና የታይዋን አምራቾች እያዳቀሉ ድርብርብ ቅጠል ያላቸው፣ ቢጫ፣ ነጭና ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ አበቦች አውጥተዋል። ከዘር የሚበቅለው ልጅ እናቱን ስለማይመስል የተመረጠውን ዓይነት የሚያበዙት በዘር በበቀለ ግንድ ላይ በማዳቀያ ምላጭ ቆርጠው በመቀጠል ነው። አንዲት የተመረጠች እናት ብዙ ቅጣይ ትሰጣለች።

ዘሩ ትኩስ ከሆነና ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ይበቅላል፤ በሞቃት አካባቢ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ያብባል። ለግንድ ገበያ ግን አራትና አምስት ዓመት መጠበቅ የግድ ነው። እዚህ ላይ የብዙዎችን ስሌት የሚያፋልሰው የገንዘብ ዋጋ ነው። ምሳሌ እናድርግ። አንድ ሰው 100 ችግኝ እያንዳንዱን በ100 ብር ወጪ አዘጋጀ፤ በድምሩ 10,000 ብር አወጣ እንበል። የገንዘቡ ወለድ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን ከአራት ዓመት በኋላ ወጪው 17,490 ብር ይሆናል። ከመቶው 40ው በብስባሴ ቢሞት ይህ ወጪ በቀሩት 60ዎቹ ላይ ያርፋል። አንዱ ተክል ያለ ምንም ትርፍ 291 ብር ከ50 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። የ100 ብሩን ተክል ሦስት እጥፍ ያደረሰው ደላላ ሳይሆን ጊዜና ሞት ነው።

ስለዚህ በብድር ለሚሠራ ሰው ይህ ንግድ አይመከርም። በሌላ በኩል ቦታው ያለው፣ ገንዘቡ የራሱ የሆነና ሌላ ገቢ ያለው ሰው በጣሪያ ሥር በመቶ ሸክላ ቢጀምር የሚያጣው ጥቂት ነው። የሚያተርፈውም ሞቱን የቀነሰ ሰው ነው። ሞቱን ከ40 ወደ 10 ያወረደ ሰው ከላይ የተጠቀሰው ወጪ በአንድ ተክል ወደ 194 ብር ከ33 ሳንቲም ይወርድለታል። ውኃ መቀነስን የመሰለ ርካሽ የትርፍ ማሳደጊያ በሌላ ንግድ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

አቋራጩና መዘዙ

ስሌቱ ይህ ከሆነ ብልጥ ነኝ ባይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። «አራት ዓመት ለምን እጠብቃለሁ? ቆላ ወርጄ የ50 ዓመቱን ነቅዬ ብመጣስ?» ይላል።

ይህ አቋራጭ ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል። በመጀመሪያ፣ ከድንጋይ መካከል የተነቀለ ሽማግሌ ተክል ሥሩ ስለሚቆረጥ በደጋ አየር መበስበሱ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ሕግ አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድም ሆነ ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ እንዲያዝ ያስገድዳል፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት ንግዳዊ ነው። የተነቀለ ተክል አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ በቦታው የቆመ ተክል ግን በየዓመቱ ዘር ይሰጣል። ነቅሎ የሚሸጥ ሰው ፋብሪካውን በብረት ዋጋ እንደሸጠ ይቆጠራል።

ታይላንዶች የከበሩት ከበረሃ እየነቀሉ አይደለም፤ በአገራቸውም የተፈጥሮ የበረሃ ጽጌረዳ የለም። ዘር ወስደው፣ አዳቅለው፣ መርጠውና ጠብቀው ነው ገበያውን የያዙት። እኛ በተቃራኒው የሌሎችን ጽጌረዳ በማምረት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ የምንጠራ አበባ ላኪዎች ሆነናል። ያን ስናደርግ ዝርያውን ላወጡት የውጭ ኩባንያዎች በየተከልነው ግንድ ሮያሊቲ እንከፍላለን። አበባ የማሸግ፣ የማቀዝቀዝና በአውሮፕላን የመላክ ልምዱ በእጃችን አለ፤ የጎደለን የራሳችንን ዘር የማሻሻል ትዕግሥት ነው።

ከነሐሴው ኪሳራ በኋላ ያ ወዳጄ ደግሞ በፖስታ ውስጥ አሥር ፍሬ ዘር ላከልኝ። ሰባቱ በቀሉ፤ ሁለቱ በመጀመሪያው ክረምት ሞቱ። የቀሩት አምስቱ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘው መስኮቴ ሥር ተሰልፈዋል፤ የትልቁ ግንድ የሎሚ ያህል ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ቢሮ የመጣ አንድ ነጋዴ ሲያየው ቆይቶ ዋጋ ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት ይጠብቁ አልኩት። ስቆ ሄደ፤ በነጋታው ግን ዘሩ የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ደወለ።