ካፌ ሬሰር፦ በቤተ ሰብ እጅ የሚታነጽ ሞተር ብስክሌት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ያደገው ወጣት፣ ደመወዙ የእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ባይበቃውም ምኞቱ ከባለጸጎቹ አላነሰም ነበርና፣ ተራውን የመንገድ ሞተር ብስክሌት በገዛ እጁ እየፈታና እየገጠመ የእሽቅድምድም መልክና ፍጥነት ሊያላብሰው ተነሣ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ካፌ ሬሰር ተብሎ የሚታወቀውም የዚህ ድካም ፍሬ ነው። ወጣቶቹ የሚሰበሰቡት በአውራ ጎዳና ዳር በነበሩ ሻይ ቤቶች ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥሩ በለንደን በኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ላይ በ1938 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተከፈተው፣ በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ፈርሶ በ1949 እንደገና የታነጸው ኤስ ካፌ ነበር። የክብራቸውም ወሰን በሰዓት 100 ማይል፣ ማለት 161 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ነበር።

የጥበባቸው ዋና ምስክር ትራይተን የተባለው ሞተር ብስክሌት ነው። የኖርተን ፋብሪካ ማንክስ የተባለውን የእሽቅድምድም ሞተሩን ለብቻው ነጥሎ ስለማይሸጥ፣ ትናንሽ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሙሉውን ሞተር ብስክሌት እየገዙ ሞተሩን ብቻ ሲወስዱ፣ የቤልፋስቱ ሬክስ ማክካንድለስ የፈለሰፈው፣ በ1950 በእሽቅድምድም ሜዳ የታየውና በመታጠፊያ ላይ እጅግ የሚጸናው ቴላዮ ባዶውን ይቀር ነበር፤ ወጣቶቹም በዚህ ላይ የትራያምፍ ፋብሪካን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አሳርፈው የአንዱን ጽናት ከሌላው ኃይል ጋር አዋሐዱ።

ነገር ግን ጠባቂ የሌለው ፍጥነት ብዙ ወጣት በአጭር ቀጨ፤ ሕዝቡም ነጂዎቹን እንደ ወንበዴ ይቈጥራቸው ጀመር። በዚህ ጊዜ በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ ዊክ ደብር የሚያገለግለው ቄስ ቢል ሸርጎልድ፣ ራሱም ሞተር ብስክሌት ነጂ ነበርና፣ ከሩቅ ሆኖ መገሠጽን ትቶ በ1962 ወደ ኤስ ካፌ ወረደ፤ ወጣቶቹንም ከነሞተር ብስክሌታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠርቶ፣ ጸሎት አድርሶና ባርኮ፣ እስከ ዛሬ በሚኖረው በፊፍቲ ናይን ክለብ ማኅበር ውስጥ ሰበሰባቸው። ፍጥነትን የሚወድ ወጣት የሚያስፈልገው አብሮት የሚቆም ታላቅ መሆኑን ይህ ካህን በግብር አስተማረ፤ ካፌ ሬሰርም የቤተ ሰብ ሥራ ሊሆን የሚገባው ስለዚሁ ነው።

ለጀማሪ ቤተ ሰብ የሚስማማው አሮጌና ቀላል ሞተር ብስክሌት ነው። ለምሳሌ ከ1968 እስከ 1973 የተሠራው ሆንዳ ሲቢ 350፣ ሞተሩ 325 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ሲሊንደሩ ሁለት፣ ካርቡራቶሩም ሁለት ነውና አሠራሩን ለመረዳት አያስቸግርም። ሥራው ከመጨመር ይልቅ በመቀነስ የሚፈጸም ነው፤ ይኸውም ከፍ ያለው መሪ ወጥቶ በፊተኛው ሹካ ቱቦዎች ላይ በቀጥታ በሚታሰሩ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ይተካል፤ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ረጅሙ መቀመጫ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ፣ ጀርባው ጉብ ያለ ይሆናል፤ ነጂውም በቤንዚን ሰልባትዮው ላይ ጐንበስ ብሎ ነፋሱን እየሰነጠቀ እንዲሄድ ይመቻቻል።

በዚህ ሥራ ሁሉም ድርሻ አለው። አንዱ ቡሎንና ዳዶውን ሲፈታ ሌላው በየጣሳው እየለየ ስሙን ይጽፍበታል፤ ዓይኑ የሰላው ልጅ ደግሞ ከካርቡራቶሩ ሆድ የወጣችውን፣ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ቀዳዳ ያላትን የናስ ቡሎን አጥቦ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታታል፤ ብርሃን በጠባቧ ቀዳዳ ካላለፈ ለዓመታት የተኛ ቤንዚን ዝቃጭ ደፍኗታልና ሞተሩ ቢነሣም አይጸናም። አየር ማጣሪያውን ለውበት ሲል በሌላ ትንሽ ማጣሪያ የሚለውጥ ሰውም፣ የሚገባው አየር ስለሚበዛ፣ የቤንዚኑንም መጠን ማስተካከል አለበት። ዳኛው ካንዴላ ነው፦ ከተነዳ በኋላ ሲፈታ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ልኩ ደኅና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከነጣ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ ሙቀቱ አይሏልና፣ ቸል ቢሉት ፒስተኑን እስከ ማቅለጥ ያደርሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የፍሬኑና የመሪው ነገር ነው። መሪው ዝቅ ሲል እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞረ፣ ሽቦዎቹ እንዳይወጠሩ፣ የነጂውም ጣት በእጀታውና በሰልባትዮው መካከል እንዳይጨፈለቅ ይመረመራል፤ መርገጫው ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላው ፍሬን ዘንግ አብሮ ይስተካከላል፤ ቴላዮ መቁረጥና መበየድ ግን ለሠለጠነ በያጅ ይሰጣል። አንዱ ያጠበቀውን ሌላው ሳያረጋግጥ ሞተር ብስክሌቱ ከደጅ አይውጣ፤ የፍሬኑን ቡሎን የሚያጠብቅ ልጅ የሚነዳው አባቱ ወይም እኅቱ መሆናቸውን ሲያስብ፣ ስለ ጥንቃቄ ከሚነገረው ምክር ሁሉ የጠለቀ ትምህርት በእጁ ይማራል።

ስለዚህ ልጁ ፍጥነት መውደዱን አይቶ የሚሠጋ ወላጅ ከመከልከሉ አስቀድሞ መፍቻ ያስይዘው፣ አጠገቡም ተቀምጦ አብሮ ይሥራ፤ ማሽን እንዴት እንደሚቆም በገዛ እጁ ሠርቶ ያወቀ ሰው እንዴት እንደሚነዳውም ያስብበታልና።