ፍርሃት በፔይንትቦል ሜዳ፦ ተረቱና እውነታው

«ደፋር ሰው አይፈራም።» «ከፈራህ ተሸንፈሃል።» «ብዙ የተኮሰና ብዙ የጮኸ ያሸንፋል።» «በራስ መተማመን አብሮ የሚወለድ ነው፤ የሌለው የለውም።» ፔይንትቦል፣ ማለትም በቀለም ኳስ የመተኳኮስ ጨዋታ፣ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ እነዚህ አባባሎች እንደ ጨዋታው ሕግ ተቆጥረው ይነገራሉ። ጉዳታቸውም ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገብቶ እጁ የተንቀጠቀጠበት ሰው ከምሽጉ ጀርባ እንዳደፈጠ ጨዋታው ያልቅበትና «ይሄ ለእንደኔ ዓይነቱ አልተፈጠረም» ብሎ ጭንብሉን መልሶ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ እየጮኸ ተኩሶ አንዴ ስለቀናው ጩኸቱ ያሸነፈለት ይመስለዋል። ሁለቱም ስለራሳቸው የተሳሳተ ነገር ተምረው ይወጣሉ። ስለ ፍርሃትና ስለ ጫና የተደረጉ ምርምሮች የሚያሳዩት ሌላ ነው፦ ፍርሃቱ ለሁሉም ይመጣል፤ ሰውን ከሰው የሚለየው ፍርሃቱ በመጣ ሰዓት ዓይኑና እጁ ምን ማድረግ እንደለመዱ ነው፤ ያ ልማድ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ልምምድ ሊገኝ ይችላል።

አስቀድሞ የሚፈራው ነገር ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቅ። የተለመደው የቀለም ኳስ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና 3 ግራም ገደማ ክብደት አለው፤ በጄላቲን የተሸፈነ፣ በውኃ የሚለቅ ቀለም ነው። ከጠመንጃው አፍ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ሜዳዎች በመለኪያ ይቆጣጠራሉ፤ ለጀማሪዎች ከዚያም ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። «ምንም አያምም» የሚለው ማጽናኛ ሐሰት ነው። በቅርብ ርቀት ያልተሸፈነ ቆዳ ካገኘ ያቃጥላል፤ ለቀናት የሚቆይ ሰንበርም ይተዋል። ጀማሪን በዚህ ዓይነት ማጽናኛ ወደ ሜዳ ማስገባት የመጀመሪያው ኳስ እንዳረፈበት አስተናጋጆቹን ሁሉ እንዳያምን ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ኳሱ ክብና ቀላል ስለሆነ አየር ቶሎ ያደክመዋል። 30 ሜትር ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ፣ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያን ርቀት ለመጓዝም ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ተኳሹን ላየ ሰው ይህ ጭንቅላትን መልሶ ለመከለል የሚበቃ ጊዜ ነው። ጀማሪው ይህን ስለማያውቅ ከሩቅ የሚመጣውንም ከአፍንጫው ሥር የሚተኮሰውንም በእኩል ፍርሃት ይጠብቃል።

መጠበቁ ራሱ ደግሞ ከምቱ የከፋ ሊሆን ይችላል። አትላንታ ከተማ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ግሬጎሪ በርንስና ባልደረቦቹ በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች እግር ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጡ ነበር። ቀለል ያለውን ዘግይቶ ከመቀበልና ጠንከር ያለውን አሁኑኑ ከመቀበል ምረጡ ሲባሉ ጥቂት የማይባሉት ጠንካራውን መረጡ፤ እንዲያልፍላቸው ብለው። ምሽግ ሥር አድፍጦ የሚቆይ ተጫዋች ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው። «ትንሽ ቆይ፣ ፍርሃቱ ይለቅሃል» የሚለው ምክር ስለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የማይሠራው፤ በቆየ ቁጥር የሚጠብቀው ነገር በሐሳቡ ውስጥ እየገዘፈ ይሄዳል። ብዙ ጀማሪ አንዴ ከተመታ በኋላ ፈታ ብሎ የሚጫወተውም ምቱ ጀግና ስላደረገው ሳይሆን የሚጠብቀው ነገር ልኩ ስለታወቀለት ነው።

«ልምድ ያለው አይፈራም» ለሚለው የተሻለው መልስ ከሰማይ ዘላዮች የመጣ ነው። ሲሞር ኤፕስታይንና ዋልተር ፌንዝ በ1960ዎቹ በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችን የልብ ምት፣ የአተነፋፈስና የላብ ለውጥ ተከታትለው ለክተዋል። የአዲሶቹ መረበሽ እስከ መዝለያው ሰዓት ድረስ እየጨመረ ሄደ። የቆዩት ግን ቀደም ብለው ተረበሹና መዝለያው ሲቃረብ እየረገቡ መጡ። የቆዩት ዘላዮችም ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸው ግን ሰዓቱን ለውጧል። በ2014 ደግሞ በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት አሊሰን ውድ ብሩክስ ያሳተመችው ጥናት «ተረጋጋ» የሚለውን ምክር ይፈታተናል። ከመዝፈን፣ ንግግር ከማድረግ ወይም የሒሳብ ጥያቄ ከመሥራት በፊት መረበሻቸውን እንደ ጉጉት እንዲያዩት የተነገራቸው ሰዎች እንዲረጋጉ ከተነገራቸው የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ልብ መምታቱ በራሱ የፍርሃት ማስረጃም አይደለም። እንጦጦ ፓርክ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚጫወት ሰው፣ በተለይ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ሮጦ ምሽግ እንደደረሰ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ይህ የአየሩ መሳሳት ነው። ሰውዬው ግን «ፈርቻለሁ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙም ተመልሶ በእውነት ያስፈራዋል።

ወደ ዋናው ማስረጃ እንምጣ። ለፔይንትቦል እጅግ ቅርብ የሆነው ምርምር የተሠራው በኔዘርላንድስ ፖሊሶች ላይ ነው። አምስተርዳም በሚገኘው ፍራይ ዩኒቨርሲቲ ራውል አውደያንስ በ2008 ባሳተመው ጥናት ፖሊሶቹ አንድ ጊዜ በካርቶን ዒላማ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ባለቀለም የሳሙና ጥይት መልሶ በሚተኩስባቸው ሰው ላይ እንዲተኩሱ ተደረገ። ሥራቸው መሣሪያ መያዝ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ጥይቱም ያማል እንጂ አይገድልም። ያም ሆኖ ተኩስ የሚመልስ ሰው ፊት ለፊታቸው ሲቆም ዒላማ መምታታቸው በግልጽ ቀነሰ። አውደያንስ ከኒውወንሃይስ ጋር በ2010 ያሳተመው ተከታይ ጥናት ምክንያቱን በዝርዝር አየው፦ ጫና ሲበዛባቸው ፈጥነው ይተኩሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ለተኳሹ የሚታየውን ሰውነታቸውን ያሳንሳሉ፣ እናም ይስታሉ። በእኛ «የፈሪ ዱላ» የሚባለውን ያስታውሳል፤ ተኩሱ ይፈጥናል፣ የሚያርፈው ግን ያንሳል። በፔይንትቦል ሜዳ ላይ ጀማሪው ጠመንጃውን ብቻ ከምሽጉ በላይ አውጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ ሲያንጣጣ የሚታየው ተመሳሳይ ነገር ነው።

የ2008ቱ ጥናት ዋጋ ግን ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነው። ፖሊሶቹ በሁለት ተከፍለው ለሦስት ጊዜ፣ አንዳንድ ሰዓት ሠለጠኑ። አንዱ ቡድን በካርቶን ላይ፣ ሌላው ተኩስ በሚመልስ ሰው ላይ። ከዚያ እንደገና ሲፈተኑ በካርቶን የሠለጠኑት ጫናው ሲመጣ እንደ ቀድሞው ወረዱ፤ ሰው ፊት ለፊት የሠለጠኑት ግን በጫናው ውስጥም ሳይወርዱ ቀሩ። ባሕርያቸው በሦስት ሰዓት አልተለወጠም። የተለወጠው በጫና ውስጥ የመተኮስ ልማዳቸው ነው። የተጠኑት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ፖሊስም ተጫዋች አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም አውደያንስ ከሌላ ባልደረባው ጋር በቅርጫት ኳስና በዳርት ውርወራም ጫና እያለ መለማመድ ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ መልሶ በሚተኮስ ባለቀለም ጥይት የተሠራው ፈተና ለፔይንትቦል ከማናቸውም የላብራቶሪ ሙከራ ይቀርባል።

እዚህ ላይ «በመጀመሪያ በራስህ ተማመን፣ ከዚያ ትችላለህ» የሚለው ቅደም ተከተል ይገለበጣል። አልበርት ባንዱራ በ1977 ስለ «እችላለሁ» ስሜት ምንጮች በጻፈው ሥራ ከሁሉ ጠንካራው አድርጎ ያስቀመጠው ሠርቶ ማየትን ነው፤ የሌላ ሰው ማበረታቻ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ጀማሪን ከጨዋታ በፊት በንግግር ከማሞቅ ይልቅ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት፣ እያንዳንዳቸው በምሽግ ተከልለው፣ ብቅ ብሎ አንድ ሁለት ተኩሶ የመመለስን ልምምድ ለሃያ ደቂቃ ማሠራት ይበልጣል። በተፈጥሯቸው ቶሎ የሚደነግጡና የማይደነግጡ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ልዩነቱ በከፊል በዘር የሚወረስ እንደሆነም ይታወቃል። ይህ ግን ልምምዱ ለአንዱ ጥቂት ለሌላው ብዙ ጊዜ ሊፈጅ እንደሚችል ይናገራል እንጂ አንዱ አይችልም አይልም።

ማስፈራራትስ? «ማስፈራራት አይሠራም» ብሎ መመለስ ቀላል ነበር፤ ግን ይሠራል። አንድ ተጫዋች ምሽግህን ሳያቋርጥ ሲደበድብ አንድም ኳስ ሳያሳርፍብህ ከጨዋታው ሊያወጣህ ይችላል፤ አንተ ተቀምጠህ የእሱ ጓደኛ በጎንህ ይዞራል። የሽፋን ተኩስ ጥቅሙ ይህ ነው። ጥያቄው ጉልበቱን ከየት ያገኛል ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አርቺ ደ በርከርና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የትኛው ድንጋይ ሥር እባብ እንዳለ ይገምቱ ነበር፤ እባብ ካለ እጃቸው ይነዝራል። ጭንቀታቸው ከሁሉ የበረታው ንዝረቱ ሃምሳ በመቶ ሊመጣ በሚችልበት ጊዜ ነበር፤ በእርግጠኝነት እንደሚመጣ ሲያውቁ እንኳ ያን ያህል አልተጨነቁም። የሚያስፈራራህ ሰው የሚነግደው በዚህ ጥርጣሬ ነው፦ ስንት ናቸው? የት ናቸው? መቼ ያቆማል? መልሶቹ ደግሞ ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው። ለኪራይ የሚሰጥ ጠመንጃ የኳስ መያዣ አብዛኛውን ጊዜ 200 ገደማ ይይዛል። በሴኮንድ አምስት የሚያዘንብ ሰው በአርባ ሴኮንድ ባዶ ይቀራል፤ ተጨማሪው ኳስም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ኳሶቹ የሚመጡት ከአንድ አቅጣጫ ነው ወይስ ከሁለት? ምሽጉን የሚመቱት ከላይ ነው ከጎን? እነዚህን የሚከታተል ሰው ፍርሃቱ ባይጠፋም መቼ መነሳት እንዳለበት ያውቃል።

ጩኸትም እንዲሁ ተለይቶ መታየት አለበት። በፉከራና በሽለላ ያደገ ሰው ድምፅ የልብ መሣሪያ መሆኑን ለማመን አይቸገርም፤ ነገር ግን ፎካሪው የሚፎክረው የጣለውን ግዳይ እየቆጠረ ነበር፤ ሰሚውን የሚያርደው ከድምፁ ጀርባ ያለው የታወቀ ሥራ ነው። በውድድር ደረጃ የሚጫወቱ ቡድኖች ሜዳ ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ፤ የሚጮኹት ግን «ቀኝ ጥግ አንድ ሰው አለ»፣ «ሁለት ቀርተዋል» የሚል ወሬ ነው፤ ብዙውም በራሳቸው የምስጢር ቃል። ይህ የጓደኛን ጥርጣሬ ይቀንሳል። ባዶው ጩኸት ግን ለተቃራኒው ቡድን የጯሂውን ቦታ ይነግረዋል።

የጨዋታው አጀማመርም ለዚህ ክርክር ምስክር አለው። በሰኔ 1981 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሄኒከር በተባለች ቦታ 12 ሰዎች ጫካ ገብተው የመጀመሪያውን ጨዋታ ተጫወቱ። ነገሩ የተነሳው በአክሲዮን ደላላው ሄይስ ኖኤልና በደራሲው ቻርልስ ጌይንስ ሙግት ነው፦ ጫካ ውስጥ የሚያሸንፈው የከተማ ተፎካካሪነት ነው ወይስ ጫካውን ማወቅ? የያዙት ጠመንጃ ዛፍና ከብት ላይ ቀለም ለማድረግ የተሠራ ነበር። በጫካው የተቀመጡትን ባንዲራዎች ሰብስቦ ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የተባለ የደን ባለሙያ ሲሆን አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ያኔ ጠመንጃው በእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ ይቀባበል ስለነበር መሸሸግ ይቻል ነበር፣ ዛሬ ግን በአየር በተነፉ ምሽጎች መካከል ግልጽ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ወደፊት የሮጠ ያሸንፋል የሚሉ አሉ። ስለ ዛሬው ሜዳ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ያ ሩጫ አስቀድሞ የተጠና ነው፤ ሯጩ የትኛው ምሽግ ጋ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚሸፍንለት፣ ተኩሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል። ከሩቅ እብደት የሚመስለው ድፍረት ሜዳውን እንደ ዋይት ማወቅ ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ፍርሃቱን ካጠፋችሁት ጨዋታው ምን ይጥማል?» የሚል ነው። የቆዩት ሰማይ ዘላዮች እንዳሳዩት አይጠፋም። አንድ ፍርሃት ደግሞ በልምምድ መደንዘዝ የለበትም፤ ለዓይን የሚፈራው። በዚህ ጨዋታ ዓይን እስከ ማጥፋት የደረሱ ጉዳቶች በአብዛኛው የደረሱት ጭንብል ባላደረጉ ወይም በዚያች ቅጽበት ከፍ ባደረጉ ሰዎች ላይ ነው። የፈራ ሰው ያልበዋል፣ የጭንብሉ መስታወት ጭጋግ ይይዛል፣ ማየት ሲያቅተው ይበልጥ ይደነግጣልና እጁ ወደ ጭንብሉ ይሄዳል። ደፋር መባልን የሚሻውም «ለአንድ አፍታ ነው» ብሎ ያነሳዋል። ጭጋግ ሲይዝ ባሉበት ተቀምጦ፣ አንድ እጅን ጭንብሉ ላይ ጭኖ፣ ዳኛ ጠርቶ እየተመሩ መውጣት ነው፤ ሜዳውን ከከበበው መረብ ውጭ ሳይደረስ ጭንብል አይወልቅም።