አራት ኖ ትራምፕ ፍሬን ነው

አትላባራ ሰፈር ውስጥ ከሥራ መልስ አራት ሆናችሁ ብሪጅ ለመጫወት ብትቀመጡ አንድ ካርታና የነጥብ ወረቀት ይበቃችኋል። ከባዱ ጨረታው ነው። ሁለት ለሁለት ተጣምራችሁ ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንደምትበሉ ካርታ ሳይጣል ቃል ትገባላችሁ። 12 ዙር ስላም፣ 13ቱንም ግራንድ ስላም ይባላል። የስላም ሽልማት 500 ወይም 750፣ የግራንዱ 1000 ወይም 1500 ነው፤ አንድ ዙር ቢጎድል ግን ሁሉም ቀርቶ ቅጣት ይከተላል።

ስላም ከመጥራት በፊት የሚቀርበውን ዝነኛ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1933 ያመጣው አሜሪካዊው ኢስሊ ብላክዉድ ነው። «አራት ኖ ትራምፕ» ሲባል ባልደረባ የአሶቹን ቁጥር ይመልሳል፤ አምስት ክለብ ምንም ወይም አራቱም፣ አምስት ዳይመንድ አንድ፣ አምስት ኸርት ሁለት፣ አምስት ስፔድ ሦስት። ቀላልነቱ ነው ያስወደደውም፣ ያበላሸውም። ብዙ ተጫዋች ወደ ስላም የሚያደርስ መሪ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሥራው ግን ፍሬን መያዝ ነው። ሒሳቡን እንየው። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ ሲቆጠር ካርታው 40 ነጥብ ነው። ለስላም ይበቃል የሚባለው 33 በእጃችሁ ካለ ለተቃራኒ የሚቀረው 7 ነው፤ ሁለት አስ 8 ስለሚሆን ሊይዝ አይችልም። ሆኖም 7 ማለት የአንድ ዓይነት አስና ንጉሥም ሊሆን ይችላል። በዚያ ዓይነት ሁለታችሁም ሁለት ሁለት ተራ ካርታ ከያዛችሁ ብላክዉድ «የጎደለው አንድ አስ ብቻ ነው» ይላችኋል፤ ስላሙም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ሊወድቅ ይችላል። ጥያቄው ስንት እንደሆነ እንጂ የትኛው እንደሆነ አይነግርም።

የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ኪውቢድ ነው፤ በትራምፕ (ሌሎቹን በሚቆርጠው ዓይነት) ከተስማማችሁ በኋላ ሌላ ዓይነት መጥራት «በዚህ በኩል መያዣ አለኝ» ማለት ነው፤ የተዘለለው ዓይነት ክፍተቱን ያሳያል። ለጀማሪ ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ደንብ ነው፣ ከተሸነፈ ስላም አይከብድም። የጥንዶች ምስጢር አይሆንም ወይ ለሚልም የብሪጅ ሕግ መልስ አለው፦ ስምምነታችሁን ተቃራኒ ከጠየቀ ማስረዳት ግዴታ ነው።

በአንድ ዓይነት ሁለት ተራ ካርታ ይዛችሁ፣ ባልደረባችሁም በዚያ መያዣ ካላሳየ፣ አራት ኖ ትራምፕ አትጥሩ።